የማይሸፈነውን የሚያነቡ ሠራተኞች
በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኤጀንሲዎች ስልክ የሚያነሡ ሰዎች የቤት፣ የመኪናና የንግድ ሽፋንን እንዴት ይማራሉ?

በአሜሪካ ቤቱን፣ መኪናውን ወይም ሱቁን ኢንሹራንስ ያስገባ ሰው ከኩባንያው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት አጋጣሚ እምብዛም ነው። መካከል ላይ ኤጀንሲ አለ። በኤጀንሲው ውስጥም ውሉን የሸጠው ኤጀንት ፊርማው እንዳለቀ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ ስልክ የሚያነሣው፣ መኪና ሲለወጥ ውሉን የሚያስተካክለው፣ ባንክ ማስረጃ ሲጠይቅ የሚልከው፣ ጉዳት ሲደርስም ወሬውን መጀመሪያ የሚሰማው የአገልግሎት ሠራተኛው ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ስልክ መመለስና ወረቀት ማመላለስ ይመስላል። ኤጀንሲዎችም ለረጅም ዘመን አዲሱን ሠራተኛ ከነባሩ አጠገብ አስቀምጠው «እያየህ ልመድ» ሲሉ ኖረዋል። ዛሬ ሥራው የራሱ ፈቃድ፣ ኮርስ፣ ፈተናና የሙያ ማዕረግ አለው። የሥልጠናው ትልቁ ክፍል ግን ስለ ትሕትናም ስለ ሽያጭም አይደለም። ውል ስለ ማንበብ ነው፤ በተለይ ውሉ የማይሸፍነውን።

አንድ ጠዋት

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስክሪን ይኖራል። በአንዱ የደንበኛው ፋይል፣ በሌላው የኢንሹራንስ ኩባንያው ገጽ ይከፈታል። የአንድ ኩባንያ ውል ብቻ የሚሸጡ ኤጀንሲዎች አሉ፤ ከብዙ ኩባንያዎች ጋር የሚሠራ ገለልተኛ ኤጀንሲ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው የየኩባንያውን ገጽና የየኩባንያውን ጠባይ መልመድ አለበት።

ስልኩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል። አንዱ መኪና መሸጫ ቆሞ ቁልፍ ሊረከብ ነውና ማስረጃ አሁኑኑ ይላክልኝ ይላል። ሌላዋ ልጇ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ አረቦኑ እንዳይጨምር ስሙን ሳታስገባ ብትቆይ ችግር አለው ወይ ትላለች። አንድ ቀለም ቀቢ ደግሞ የሕንፃው አስተዳዳሪ በር ላይ አቁሞታል፤ ሰርተፊኬት ካልመጣ መሰላሉን አያስገባም።

ሦስቱም የአምስት ደቂቃ ሥራ ይመስላሉ። ግን አዲሱ መኪና በማን ስም ነው የሚመዘገበው? በራሱ ነው ወይስ በድርጅት? ልጁ እዚያው ቤት የሚኖር ከሆነ ለኩባንያው አለማሳወቅ በኋላ ካሳ ሊያስከለክል ወይም ውል ሊያሰርዝ ይችላል። የቀለም ቀቢው ሰርተፊኬት ላይ አስተዳዳሪው ያዘዘው ቃል ሁሉ በእርግጥ በውሉ ውስጥ አለ? ያልሠለጠነ ሠራተኛ የተጠየቀውን ይፈጽማል። የሠለጠነው ከመፈጸሙ በፊት መልሶ ይጠይቃል።

ፈቃዱ የስቴት ነው

ኢንሹራንስን በአሜሪካ በዋናነት የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1869 ኢንሹራንስ በስቴቶች መካከል የሚደረግ ንግድ አይደለም ብሎ ፈርዶ ነበር። በ1944 ሐሳቡን ለወጠ። ኮንግረስ ደግሞ በዓመቱ ማካራን ፈርጉሰን በተባለው ሕግ ቁጥጥሩን ለስቴቶች መልሶ ሰጠ። ከዚህ የተነሣ ሜሪላንድ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ላለ የቨርጂኒያ ነዋሪ ሽፋን ሊያስረዳና ሊሸጥ ቢፈልግ የቨርጂኒያም ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል።

ፈቃድ የሌለው ሰው በኤጀንሲ ውስጥ አይሠራም ማለት አይደለም። መልእክት ይቀበላል፣ አድራሻ ያስተካክላል፣ ቀጠሮ ይይዛል። ይህ ይሸፈናል ያ አይሸፈንም እያለ ማስረዳት፣ ምክር መስጠትና መሸጥ ግን በአብዛኛው የተከለከለ ነው። መስመሩ በትክክል የት እንደሚያልፍ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት ብዙውን ጊዜ «ይህን ጥያቄ ለመመለስ ፈቃድ አለኝ ወይ?» የሚለው ነው። ፍሎሪዳ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ፈቃድ አላት፤ የሙያው ሰዎች በቁጥሩ 4-40 ይሉታል። ባለፈቃዱ በኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ፣ በኤጀንት ቁጥጥር ሥር ይሠራል፤ ከቢሮ ወጥቶ መሸጥም ሆነ በዋናነት በኮሚሽን መኖር አይፈቀድለትም። ወደዚህ ፈቃድ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ የ40 ሰዓት ኮርስ ነው።

ክፍል ውስጥ

ፈቃድ የሚለካው ዝቅተኛውን እውቀት ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ በሰፊው የሚታወቀው መንገድ መነሻው ቴክሳስ፣ ኦስቲን የሆነው ሲ.አይ.ኤስ.አር. የተባለው የአገልግሎት ሠራተኞች ማዕረግ ነው። የየአንዳንዱ ኮርስ ርእስ ማንንም አያጓጓም፤ የግል መኪና፣ የመኖሪያ ቤት፣ የንግድ ንብረት፣ የንግድ ኃላፊነት፣ የኤጀንሲ አሠራር እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሆኖ በፈተና ይዘጋል። ከዘጠኙ አምስቱን ያለፈ ማዕረጉን ያገኛል። ማዕረጉን ለማቆየት ደግሞ በየዓመቱ ተመልሶ መማር ግዴታ ነው።

ተማሪው ፊት የሚቀመጠው ዋናው መጽሐፍ ራሱ ውሉ ነው። ብዙ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው አይ.ኤስ.ኦ. የተባለው የኢንሹራንስ ተቋም ያዘጋጃቸውን መደበኛ የውል ጽሑፎች እንዳሉ ወይም ጥቂት ለውጠው ይጠቀማሉ። ስለዚህ የመደበኛውን ውል አካሄድ የተማረ ሰው የሌላውን ኩባንያ ውል ሲያነብ የት እንደተለየ ቶሎ ይታየዋል።

ንባቡ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የመድን ገቢው ስም፣ የተሸፈነው ንብረትና የገንዘቡ ጣሪያ የሰፈሩበት የፊት ገጽ ይነበባል። ቀጥሎ ኩባንያው ቃል የገባበት አንቀጽ፣ ከዚያ ከሽፋን ውጭ የተደረጉት፣ ከዚያ ሁለቱም ወገኖች ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ግዴታዎች ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ኢንዶርስመንት የሚባሉት የውል ማሻሻያዎች አሉ፤ እነዚህ ከላይ የተነበበውን ሁሉ ሊገለብጡ ይችላሉ። ጀማሪ የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ ክልከላውን እስከ መጨረሻው ሳያነብ ሲያቆም ነው።

አንድ ምሳሌ ይበቃል። መደበኛው የግል መኪና ውል መኪናው ሰው ወይም ዕቃ በክፍያ ለማመላለስ በዋለበት ጊዜ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊነት አይወስድም። ንባቡን እዚህ ላይ ያቆመ ሠራተኛ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የቤንዚን ወጪ እየተጋራ ለሚሄድ ደንበኛ «አልተሸፈኑም» ብሎ ይመልሳል። የዚያው አንቀጽ ቀጣይ ዐረፍተ ነገር ግን ክልከላው ወጪ እየተካፈሉ አብሮ መጓዝን እንደማይመለከት ይናገራል።

«ያልሠለጠነ ሠራተኛ የተጠየቀውን ይፈጽማል። የሠለጠነው ከመፈጸሙ በፊት መልሶ ይጠይቃል።»

መኪናና ቤት

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው የመኪና ኢንሹራንስ ማለት ከሁሉ በፊት ሦስተኛ ወገን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለተሽከርካሪዎች ግዴታ ሆኗል። በአሜሪካም ከጥቂት ልዩ አሠራሮች በቀር የኃላፊነት ሽፋን ግዴታ ነው፤ ዝቅተኛውን መጠን የሚወስነው ግን ስቴቱ ነው። ቨርጂኒያ እስከ እ.ኤ.አ. 2024 አጋማሽ ድረስ ሰው 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ እንዲነዳ ትፈቅድ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። አሠልጣኞች ቁጥሮቹን ማስጠናት ላይ ብዙ አይቆዩም። የሚቆዩት ከቁጥሮቹ ቀጥሎ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው፤ ዛሬ አንድ አዲስ መኪና በቀላሉ ከ25,000 ዶላር በላይ በሚያወጣበት አገር፣ ሌላ ሰው መኪና ላይ የወጣ አሽከርካሪ የቀረውን ከየት ያመጣል?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲና በስልክ የሚጠራ መኪና ለሚነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው የክፍያ ክልከላ የዕለት ጉዳይ ነው። በብዙ ስቴቶች ሕግ አሽከርካሪው ተሳፋሪ ለማምጣት ጥሪ ከተቀበለ በኋላ የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ሽፋን ይኖራል። አፑን ከፍቶ ጥሪ በሚጠብቅበት ጊዜ ግን ሽፋኑ በጣም ያነሰ ነው፤ የራሱ መኪና ቢጎዳ የሚክሰውም ላይኖር ይችላል። ይህን ክፍተት የሚሞላ ማሻሻያ ብዙ ኩባንያዎች ይሸጣሉ። ደንበኛው ግን ማሻሻያው መኖሩን ካላወቀ ሊጠይቅ አይችልም፤ ሠራተኛውም ደንበኛው ምን ሥራ እንደሚሠራ ካልጠየቀ ሊያቀርብለት አይችልም።

ቤት ከመኪና ይሰፋል። እሳትን፣ ስርቆትንና ኃላፊነትን በአንድ ላይ ያጣመረው የመጀመሪያው የቤት ባለቤት ውል እ.ኤ.አ. በ1950 ነው ገበያ ላይ የዋለው። ዛሬ በጣም የተለመደው ዓይነት ለሕንፃውና ለውስጡ ዕቃ ሁለት የተለያዩ አካሄዶች አሉት። ለሕንፃው፣ በግልጽ ካልተከለከለ በቀር ሁሉም ተሸፍኗል። ለዕቃው፣ በስም የተዘረዘሩ 16 አደጋዎች ብቻ። ጎርፍ በሁለቱም ውስጥ የለም። የጎርፍ ሽፋን በ1968 በተቋቋመው የፌዴራል ፕሮግራም ወይም በግል ኩባንያ ለብቻው ይገዛል። በፌዴራሉ ውል ሽፋኑ በአብዛኛው ከ30 ቀን በኋላ ስለሚጀምር የአውሎ ነፋስ ዜና ሰምቶ የሚደውል ደንበኛ ዘግይቷል። ከመሬት በታች ባለው ክፍል ፍሳሽ ተመልሶ ሲወጣ ደግሞ ደንበኛው ጎርፍ ይለዋል፤ ውሉ ግን ለብቻው ያየዋል፤ ሽፋኑም የራሱ ማሻሻያ አለው።

ለአንዳንድ ደንበኞች ብቻ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፤ ማንን ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅም የሥልጠናው አካል ነው። ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ለማክበር የአሜሪካን ክረምት አዲስ አበባ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ውኃውን ሳይዘጋ ከሄደ፣ ቧንቧ በርዶ ፈንድቶ ለሚደርሰው ጉዳት ካሳ ሊያጣ ይችላል። ቤት ውስጥ የሰው ልጆች በክፍያ የምትጠብቅ ሴት በቤት ኢንሹራንሷ የኃላፊነት ሽፋን አለኝ ብታስብ ትሳሳታለች፤ ንግድ ነውና። ወርቅም አለ። በልምምድ ሰዓት ሁለት ሠራተኞች ደንበኛና ተቀባይ ሆነው ሲለማመዱ እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል፦

— ልጄ፣ የቤቱ ዕቃ በሙሉ ገብቷል አይደል?

— ገብቷል እትዬ። ግን ቤት ውስጥ ወርቅ ያስቀምጣሉ?

— የሠርጌ አለ፤ የልጄም አለ።

— ቢሰረቅ ውሉ ለጌጣጌጥ ሁሉ ተደምሮ የሚከፍለው 1,500 ዶላር ነው። አስገምተው በዝርዝር እናስመዝግበው?

አሠልጣኞች እንደሚሉት ጀማሪዎች ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ «አዎ እትዬ፣ ሁሉም ገብቷል» ብለው ስልኩን ይዘጋሉ።

አንድ ምግብ ቤት፣ ስድስት ውል

የንግድ ሽፋን ለጀማሪ የሚከብደው አንድ ሱቅ አንድ ውል ስለማይበቃው ነው። ምግብ ቤት ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ሕንፃውና የወጥ ቤቱ መሣሪያ የንብረት ሽፋን ይፈልጋሉ። ምግብ ቤቱ ተቃጥሎ ሲዘጋ የሚቋረጠው ገቢ ሌላ ሽፋን አለው፤ በመደበኛው ውል የገቢው ክፍያ የሚጀምረው ከጉዳቱ 72 ሰዓት በኋላ ነው። ተመጋቢ አንሸራቶት ቢወድቅ አጠቃላይ የንግድ ኃላፊነት ውል አለ። ሠራተኛ እጁን ቢቆርጥ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ። አስተላላፊው በራሱ መኪና ምግብ ሲያደርስ ሰው ቢገጭ ደግሞ የድርጅቱ ላልሆነ መኪና የሚሆን የኃላፊነት ሽፋን።

ስድስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። አጠቃላይ የኃላፊነት ውሉ መጠጥ በመሸጥ ወይም በማቅረብ ሥራ ላይ ለተሰማራ ድርጅት ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ኃላፊነትን ከሽፋን ያወጣል። ጠጅና ቢራ የሚሸጥ የአበሻ ምግብ ቤት፣ ከእርሱ ጠጥቶ የወጣ ሰው ሌላውን ቢገጭ፣ በብዙ ስቴቶች ሊከሰስ ይችላል። ለዚያ ለብቻው የመጠጥ ኃላፊነት ሽፋን መግዛት አለበት።

ከሁሉም በላይ በክፍል ውስጥ ተደጋግሞ የሚሠራው ሒሳብ የኮኢንሹራንስ አንቀጽ ነው። እንደ አዲስ ለመሥራት 500,000 ዶላር የሚፈጅ ሕንፃ አለ እንበል። አንቀጹ ባለቤቱ ቢያንስ የዚህን 80 በመቶ፣ ማለትም 400,000 ዶላር እንዲያስገባ ይጠይቃል። ባለቤቱ አረቦን ለመቀነስ 300,000 ብቻ አስገባ። እሳት ተነሥቶ 100,000 ዶላር ጉዳት ደረሰ። ደንበኛው ጉዳቱ ከ300,000 በታች ስለሆነ ሙሉውን እቀበላለሁ ይላል። ኩባንያው ግን ማስገባት ከነበረበት ሦስት አራተኛውን ብቻ ስላስገባ ከጉዳቱ ሦስት አራተኛውን፣ 75,000 ያሰላል፤ ከዚያም ላይ ዲዳክተብሉን፣ ደንበኛው ራሱ የሚችለውን ድርሻ፣ ይቀንሳል። የዚህ ሒሳብ አስከፊነት ጉዳት እስኪደርስ ድረስ የትም አለመታየቱ ነው። የግንባታ ዋጋ በናረ ቁጥር ትናንት በቂ የነበረው መጠን ማንም ሳይነካው ያንሳል። የዕድሳት ጊዜ ሲደርስ ሠራተኛው ስለ ሕንፃው ዋጋ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

በእሳት ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። በምድጃው አናት ላይ ያለው የእሳት ማጥፊያ ሥርዓት እንደሚሠራ ተማምኖ የተሰጠ ቅናሽ ወይም ውል ካለ፣ ሥርዓቱ ሳይታደስ ቀርቶ እሳት ቢነሣ ኩባንያው የእሳት ካሳውን ሊከለክል የሚያስችል ማሻሻያ በብዙ የምግብ ቤት ውሎች ላይ ይለጠፋል።

አንድ ገጽ ወረቀት

የንግድ ክፍል ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ከሚያወጣቸው ወረቀቶች በብዛት ቀዳሚው የኃላፊነት ኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ነው፤ በመደበኛ ቅጾች አዘጋጁ በአኮርድ ቁጥር 25 ተብሎ ይታወቃል። አንድ ገጽ ነው። አናቱ ላይ ለመረጃ ብቻ የተሰጠ እንደሆነና ለያዡ ምንም መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ተጽፏል። እንደዚያም ሆኖ የሕንፃ ባለቤቶችና ዋና ኮንትራክተሮች እንደ ዋስትና ይቆጥሩታል፤ በውሉ ውስጥ የማይገኝ ቃል እንዲጨመርበትም ያዛሉ።

ሠልጣኙ እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን መለየት ይማራል። ሰርተፊኬት ያዥ ወረቀቱ የተላከለት ሰው ብቻ ነው። ተጨማሪ መድን ገቢ ግን በማሻሻያ ወደ ውሉ የገባና በውሉ ሊጠቀም የሚችል ሰው ነው። ቀለም ቀቢው በር ላይ ቆሞ «የሚሉትን ጻፊበትና ላኪው፤ ሥራዬ እየሄደብኝ ነው» ይላል። ሠራተኛዋ ማሻሻያው ውሉ ላይ ከሌለ መጀመሪያ ኩባንያውን መጠየቅ፣ ማስጨመር፣ ከዚያ ሰርተፊኬቱን ማውጣት አለባት። ውሉ የማይለውን የሚል ሰርተፊኬት ማውጣት በብዙ ስቴቶች ሕግ የተከለከለ ነው። የኤጀንሲ ባለቤቶች በዚህ ጉዳይ ከደንበኞች የሚደርስባቸውን ግፊት ያውቁታል፤ ደንበኛ እንዳይሸሽ የሚፈራ አለቃ ራሱ «ዝም ብለሽ ላኪው» የሚልበት ጊዜም አለ። ክፍል ውስጥ የተማረው ነገር በተግባር የሚፈተነው እዚህ ነው።

«ሰርተፊኬት ሽፋን አይፈጥርም፤ ያለውን ሽፋን ያሳያል።»

የማይባለው ቃል፣ የሚጻፈው ማስታወሻ

ኤጀንሲዎች ለሥልጠና ገንዘብ የሚያወጡበት አንዱ ምክንያት እነርሱም ስለሚከሰሱ ነው። ደንበኛ ካሳ ሲከለከል ወደ ኩባንያው ብቻ ሳይሆን «ይህን ሽፋን ጠይቄ ነበር» እያለ ወደ ኤጀንሲው ይመጣል። ኤጀንሲዎች ለዚህ ራሳቸው የሙያ ስህተት ኢንሹራንስ ይገዛሉ። የኒው ዮርክ ስቴት የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1997 ኤጀንት የተጠየቀውን ሽፋን ማግኘት ወይም አለማግኘቱን ማሳወቅ እንጂ ሳይጠየቅ የመምከር አጠቃላይ ግዴታ እንደሌለበት፣ በልዩ ግንኙነት ግን ይህ ሊለወጥ እንደሚችል ወስኗል። ሌሎች ስቴቶች የየራሳቸው መስመር አላቸው።

ስለዚህ ሠልጣኙ ከአፉ እንዳያወጣቸው የሚማራቸው ቃላት አሉ። ደንበኞች የሚወዱት «ፉል ከቨር» አንዱ ነው፤ በውሉ ውስጥ እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። «አይዞህ፣ ይሸፈናል» ሌላው ነው፤ ካሳ መክፈልና አለመክፈልን የሚወስነው ኩባንያው ነው። «ይህ አይሸፈንምና ባታመለክት ይሻላል» ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው፤ በውሉ መሠረት በቶሎ ማሳወቅ የመድን ገቢው ግዴታ ስለሆነ፣ በሠራተኛው ምክር ዝም ያለ ደንበኛ መብቱን ሊያጣ ይችላል። እያንዳንዱ ንግግር በፋይሉ ላይ በቀኑ ይጻፋል። በተለይ ደንበኛው ቀርቦለት ያልፈለገው ሽፋን ይጻፋል፤ ከተቻለም በኢሜይል ይረጋገጣል።

በአማርኛ ለሚያስተናግዱ ሠራተኞች ችግሩ ድርብ ነው። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕጋዊ ኃይል ያለውም እርሱ ነው። በአማርኛ የተሰጠ ማብራሪያ ለሽማግሌ ደንበኛ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሆኖም በቋንቋው ቅርበት ምክንያት «እንደ ልጄ ነህና የምትለኝን አምናለሁ» የሚል ደንበኛ ጥያቄ መጠየቅ ያቆማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥንቃቄው የበለጠ መሆን አለበት፤ በአማርኛ የተነገረው ፍሬ ነገር በአጭር ጽሑፍ ተከትሎ ቢላክ ለሁለቱም ይበጃል።

ከኮርሱ በኋላ

ክፍል ውስጥ የተማረ ሰው ወዲያው ለብቻው አይለቀቅም። በመጀመሪያ የነባሩን ስልክ ያዳምጣል። ቀጥሎ መኪና ማስገባትና ማስወጣት የመሳሰሉትን የግል ሽፋን ለውጦች ይይዛል፤ ከዚያ ዕድሳት፤ የንግድ ፋይል የሚሰጠው በመጨረሻ ነው። ወጣት ሠራተኞች ይህ አዝጋሚ ነው ብለው ያማርራሉ፤ አንድ ኮርስ ካለፉ በኋላ እንደ ፀሐፊ መቆጠሩም ያበሳጫቸዋል። ክፍያውም ቢሆን ከሚሸጠው ኤጀንት ጋር አይወዳደርም፤ ብዙዎቹ ማዕረጉን ካገኙ በኋላ ወደ ሽያጭ ወይም ወደ ኩባንያዎቹ የሚሻገሩት ለዚህ ነው።

ፈቃዱን ለማደስ በአብዛኞቹ ስቴቶች በየሁለት ዓመቱ 24 ሰዓት ያህል ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ከፊሉ ስለ ሥነ ምግባር ነው። ሰዓቱን ለመሙላት ብቻ ኮምፒዩተር ከፍቶ ሌላ ሥራ የሚሠራ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ውሎቹ ግን አይቆሙም። አውሎ ነፋስና በረዶ በሚበዛባቸው ስቴቶች ኩባንያዎች ለቆየ ጣሪያ ሙሉውን የመተኪያ ዋጋ ሳይሆን እርጅናው የተቀነሰበትን መክፈል ጀምረዋል፤ የነፋስ ዲዳክተብልንም ከተወሰነ የዶላር መጠን ወደ መቶኛ ለውጠዋል። 500,000 ዶላር በገባ ቤት ላይ 2 በመቶ ማለት ደንበኛው መጀመሪያ 10,000 ዶላር ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። ለውጡ በዕድሳት ወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር ስለሚያልፍ፣ ጠንቃቃ ኤጀንሲዎች ሠራተኞቻቸው አዲሱን ወረቀት ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን እንዲያነቡና ዕድሳቱ ከመድረሱ ሳምንታት በፊት ለደንበኛው ደውለው እንዲነግሩ ያሠለጥናሉ።